«ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት
መርካቶ ጫማ ወይ ጃኬት ልትገዙ ስትሄዱ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የመጨረሻ የምትከፍሉትን ብር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሻጩ «4000» ካለ በኋላ በ2800 ስትገዙ በደንብ ያስቀነሳችሁ ይመስላችኋል፣ ዕቃው 1500 የማያወጣ ቢሆንም። መጀመሪያ የሰማነው ቁጥር ሳይታወቀን ግምታችንን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ትቨርስኪና ካነማን በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሚሽከረከር የዕጣ ጎማ 10 ላይ የቆመላቸው ሰዎች ከተመድ አባላት የአፍሪካ አገሮች ድርሻ 25 በመቶ አካባቢ ነው ብለው ሲገምቱ፣ 65 ላይ የቆመላቸው ደግሞ 45 አሉ። ጎማውና አፍሪካ ምን አገናኛቸው! ጽፋችሁ ከገባችሁ ግን ድርድሩ ከእናንተ ቁጥር ይነሳል። ዋጋውን ጭራሽ ለማታውቁት ዕቃ ይሄ አይሠራም፤ መጀመሪያ በቅርቡ የገዛ ሰው ጠይቁ።