ያለ ወረቀት (ያለ መኖሪያ ፈቃድ) ስሠራ ተጎድቼ ካሳዬን ያገኘሁበት መንገድ

ሎስ አንጀለስ ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ ስሠራ የጋለ ዘይት እጄ ላይ ፈሰሰ። አለቃዬ «ወረቀት የለህም፣ ማን ይከፍልልሃል?» አለኝ። እኔም ሞኙ አምኜው ሁለት ሳምንት ቤቴ ተኛሁ።

ለካስ የካሊፎርኒያ የሥራ ጉዳት ካሳ ወረቀት የሌለውንም ሠራተኛ ይሸፍናል። አሠሪው ጉዳቱን ባወቀ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ ዲደብልዩሲ-1 (DWC-1) የሚባለውን የካሳ መጠየቂያ ቅጽ መስጠት አለበት። የኔው እምቢ ሲል ከስቴቱ የሠራተኞች ካሳ ክፍል ድረ ገጽ አውርጄ ሞላሁና በሰርቲፋይድ ፖስታ ላክሁለት፤ ደረሰኙን ያዝኩ። ጉዳቱን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ስለሚያስፈልግ ለጥቂት ነው የደረስኩት።

ያስጨነቀኝ ማስረጃው ነበር፤ ደሞዜን በእጅ ነበርና የምቀበለው። አለቃዬ «ነገ በጠዋት ግባ» እያለ የላከልኝ ቴክስቶችና አብራኝ የምትሠራ ልጅ ምስክርነት አወጡኝ። የአለቃዬ የሥራ ጉዳት ኢንሹራንስ ጥያቄዬን ገና እያጣራ እንኳ እስከ 10,000 ዶላር ሕክምና መሸፈን ስላለበት ሐኪም ቶሎ አገኘሁ። ከሥራ ለቀረሁበት ጊዜ ደግሞ የደሞዜን ሁለት ሦስተኛ ከፈሉኝ። የያዝኩት ጠበቃ ቅድሚያ ሳንቲም አልጠየቀኝም፤ ድርሻውን ዳኛ ሲያጸድቅለት ከካሳው ላይ ወሰደ።

ቅጹ ስለ መኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ቦታውን ባዶ ተውኩት፤ የሌላ ሰው ቁጥር እንዳልጽፍ ጠበቃው አጥብቆ አስጠንቅቆኝ ነበር።