በቦዶኒ ፎንት ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ በትልቁ የሚጻፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ልብ ብላችሁ እዩት። የትልቁ «ኤ» ቀኝ እግር ወፍራም ነው፤ ግራው ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ። ጃምባቲስታ ቦዶኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጣሊያን፣ ፓርማ ውስጥ የቀረጻቸው ፊደሎች እንዲህ ናቸው። ፓሪስ ውስጥም የዲዶ ቤተሰብ በዚያው ዘመን ተመሳሳዩን ሠርቷል። እኔ እነዚህን ፊደሎች በጣም እወዳቸዋለሁ። ውበታቸው ያለው ቀጭኗ መስመር ላይ ነው፤ የምንሠራቸው ስህተቶችም የሚያጠፉት እሷኑ ነው።

ትልቁ ስህተት በትንሽ መጠን መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ የሰርግ ጥሪ ካርድ ሠራሁ። የሙሽሮቹ ስም በትልቁ አምሮ ወጣ። የአዳራሹን አድራሻም በዚያው ፎንት፣ በ8 ፖይንት (ፖይንት የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ጻፍኩት። ስሠራ ስክሪኑን አጉልቼ ስለነበር ምንም አልታወቀኝም። ታትሞ ሲመጣ ትንሿ «ኤን» ሁለት የቆሙ እንጨቶች ሆናለች። «ኢ»ም የመሐል መስመሯ ጠፍቶ «ሲ» መስላለች። እንግዶች አድራሻውን በስልክ ሲጠይቁ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ከ24 ፖይንት በታች አልጠቀምበትም። የፊደል ዲዛይነሩ ጆናታን ሆፍለር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሃርፐርስ ባዛር መጽሔት በዲዶ ቤተሰብ ስም የተጠራውን ፎንት ሲያዘጋጅ፣ ቀጭኗ መስመር በየትኛውም መጠን እንዳትጠፋ ብሎ ለ7 መጠኖች ለየብቻ ሥሎታል።

ሁለተኛው፣ ጥቁር ላይ በነጭ መጻፍ። ቀለም ወረቀት ላይ ትንሽ ይሰፋል፤ ነጯን ቀጭን መስመር ይውጣታል። ሸካራ ወረቀት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ማተሚያ ቤቱ መጀመሪያ አንድ ናሙና እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ።

ፊደሉን ወደ ጎን አትለጥጡት። ወፍራሙ ይወፍራል፣ አግዳሚው ቀጭን ባለበት ይቀራል፤ ሚዛኑ ይፈርሳል።

አማርኛ ስንጽፍ የምንሠራው ስህተት ግን ለብቻው መነገር አለበት። ቦዶኒ የግዕዝ ፊደል የለውም። ቦዶኒን መርጣችሁ አማርኛ ስትጽፉ ኮምፒውተሩ ሳይነግራችሁ ሌላ ፎንት ይተካል፤ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ ኢብሪማ ወይም ኒያላ ነው። ምርጫውን ለኮምፒውተሩ አትተዉለት። አንዳንዱ ዲዛይነር ደግሞ አማርኛው ከቦዶኒ ጋር እንዲሄድለት ብሎ የፊደሎቻችንን ትንንሽ መስመሮች ራሱ ያቀጥናል። ይሄ አደገኛ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ቀጭን መስመር ቢጠፋ አንባቢ ገምቶ ያነባል። እኛ ጋ ግን ያቺ ትንሽ መስመር ድምፁን ትለውጣለች። ከ«ቢ» ቀኝ እግር ግርጌ ያለችው አጭር መስመር ከጠፋች «ቢራ» የነበረው «በራ» ይሆናል። ለርዕስ የምትመርጡት የአማርኛ ፎንት እነዚህ ምልክቶች ከሩቅ በደንብ የሚታዩበት ይሁን። ከማሳተማችሁ በፊት በእውነተኛ መጠኑ ፕሪንት አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ አምስት እርምጃ ራቅ ብላችሁም አንብቡት።