ለሰንጢያችሁ የቆዳ ማኅደር ስትመርጡ

አቮካዶ አዳቃይ ነኝ። መራዊ አጠገብ፣ ቆጋ መስኖ አካባቢ፣ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። በማዳቀያ ወቅት ቀኑን ሙሉ ሰንጢ ሳወጣና ስከት ነው የምውለው። ለዚህ ነው ስለ መያዣው ብዙ የማስበው።

መጀመሪያ የገዛሁት መያዣ ዓይን የሚስብ ነበር። ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ሲዳስሱት እንደ ጨርቅ ልስልስ ያለ የበግ ቆዳ። ሁለት ወር ሳይሞላው አፉ ሰፋ። አንድ ቀን ቦይ ዳር ጎንበስ ስል ሰንጢዋ ሹልክ ብላ ውሃ ውስጥ ገባች። ድፍርስ ውሃ ነበር። ሱሪዬን ሰብስቤ ገብቼ ግማሽ ቀን ፈለግኳት፤ የለችም። ስለቷን በእጄ ነበር ያወጣሁት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያኔ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። ጎራዴ ሰገባ የሚያስፈልገው ስለቱ ራቁቱን ስለሆነ ነው። ሰንጢ ግን ሲታጠፍ ስለቱ እጀታው ውስጥ ይገባል። እጀታው ራሱ ሰገባው ነው። ለቆዳው የሚቀረው ሥራ አጥብቆ መያዝና በተፈለገ ጊዜ ቶሎ መስጠት ነው፤ ልክ የዳዊት ማኅደር መጽሐፉን እንደሚይዘው። ስለዚህ እኔም ማኅደር እለዋለሁ።

ከቆዳው እንጀምር። የደጋችን በግ ቆዳ በዓለም ገበያ የሚፈለገው ለእጅ ጓንት ነው። ቀጭንና ታዛዥ ነው፤ ጓንት ላይ ያስመሰገነው ጠባይ ማኅደር ላይ ጉድ ይሠራል። የፍየልም ቢሆን ለአቁማዳ ይሁን። የከብት ቆዳ ፈልጉ፤ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ጥሩ ወፍራም ቀበቶ አስቡ፣ እሱን የመሰለ። ሲያጥፉት ፊቱ ከተሰነጣጠቀ ቀለም የተለበጠበት ስለሆነ ተዉት።

የተቆረጠውን ጠርዝም እዩ። በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ድረስ ቡናማ ነው። ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋው መሃሉ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይወስደዋል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ በውሃ ርሶ የሰንጢውን ቅርጽ ስለሚይዝ። አሠራሩ ቀላል ነው። ማኅደሩን ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ንከሩት። ሰንጢውን በፌስታል ጠቅልላችሁ አስገቡ። እጀታው ዙሪያ ቆዳውን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉት። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደር። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይደርቅና ይሰነጠቃል። የክሮሙ ቆዳ ግን ይህን ሁሉ ብታደርጉለትም ተመልሶ ይላላል።

ጫማ ሰፊ ጋ የምታሠሩ ከሆነ ሰንጢውን ይዛችሁ ሂዱ። በቃል አትንገሩ። ብዙ ሰው ወርዱን ይለካና ውፍረቱን ይረሳል። ሁለት ጠፍጣፋ ቆዳ ፊት ለፊት የሚሰፋ ከሆነ፣ የሰንጢው ወርድ 3 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2 ከሆነ፣ ለስፌት በየጎኑ ግማሽ ግማሽ ጨምሩበት። የእያንዳንዱ ቆዳ ወርድ 6 ሳንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ኦፒኔል እንደሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ያለ ድብልብል እጀታ ያለው ለጠፍጣፋ መያዣ አይመችም፤ ቁጥር 8ቱ ሲታጠፍ 11 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ በጎኑ ሌላ ቆዳ የገባበት ጥልቅ ኪስ ይፈልጋል። የትኛውም ሰንጢ ቢሆን ክዳን ከሌለው የእጀታው ጫፍ አንድ ጣት ያህል ብቅ ይበል። ካልሆነ በጣት ቆፍሮ ማውጣት ነው፤ እጅ ደግሞ ሥራ ላይ እርጥብ ነው።

የተዘጋጀ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ሳታፍሩ ማኅደሩን ፈትሹት። ሰንጢውን ክተቱና ገልብጣችሁ አራግፉት። ከወደቀ መልሱለት። ቀበቷችሁ ላይ አስገቡትና ቁጢጥ በሉ። ቁመቱ የረዘመ ማኅደር ያን ጊዜ ጎናችሁን ይወጋል። እኔ ችግኝ ስር ቁጢጥ ብዬ ስለምውል አግድም የሚታሰረውን ነው የያዝኩት። ቆሞ ለሚሠራ ቀጥ ያለው ይሻላል። የቀበቶ ማስገቢያው ከቀበቷችሁ እጅግ ከሰፋ ማኅደሩ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ክዳን ካለው ጠቅ የሚለው ቁልፍ በአንድ እጅ መከፈት አለበት። በማግኔት የሚገጥመውን ግን አላምነውም፤ ቅርንጫፍ ሲነካው ይከፈታል።

ስፌቱ ላይ ቆዩ። በሁለት መርፌ፣ ከሁለቱም ወገን በእያንዳንዱ ቀዳዳ እየተላለፈ የተሰፋ ከሆነ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የመኪና ስፌት አንዴ ከተበጠሰ ሊተረተር ይችላል። አፉ ጋ ስፌቱ ተደግሞ መሰፋቱን አረጋግጡ፤ ጉልበት የሚያርፈው እዚያ ነው። ታች ጥግ ላይ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አስበሱበት። አፈርና ውሃ በዚያ ይወጣል።

ከተማ ስትገቡ ግን ማኅደሩን ከነሰንጢው ቤት ተዉት። ባንክም ሌላም በር ላይ ፍተሻ አለ። አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም።

ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሰንጢ ውስጡ ካደረ ይዝጋል፣ በተለይ የማይዝግ ብረት ካልሆነ። እኔ ማታ ስገባ ስለቱን በአልኮል እጠርገዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አስነካዋለሁ። ሰንጢው መደርደሪያ ላይ ያድራል። ማኅደሩ ከቀበቶዬ ጋር ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ያድራል።