የዊኪ ገጾቻችሁን ማን እንደሚያይ በራስ-ሰር እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የወሎን ቅርስ የሚሰበስብ ክበብ አለ እንበል። ስለ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝት የተጻፉት የዊኪ ገጾቹ ለማንም ክፍት ናቸው። የአዛውንቶች ቃለ መጠይቅ ግን የቤተሰብ ጉዳይም ስልክ ቁጥርም ስላለበት ለአባላት ብቻ ነው። ገጾቹ ሲበዙ አንድ በአንድ እየከፈቱ ማየት አይቻልምና ሥራውን ለስክሪፕት (ትእዛዞችን በራሱ ለሚፈጽም አጭር ፕሮግራም) መስጠት ይሻላል።

እዚህ የምንጠቀመው ዶኩዊኪ የሚባለውን የዊኪ ሶፍትዌር ነው። ዳታቤዝ አይፈልግም፣ የፈቃድ ሰንጠረዡም አብሮት የተሠራ ነው። ውክፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ ግን አንዱን ገጽ ከሌላው ለይቶ ንባብ ለመከልከል ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ምስጢር ያለው ክበብ ባይመርጠው ይሻላል።

መጀመሪያ ማን በየትኛው ገጽ ምን ማድረግ እንደሚፈቀድለት በወረቀት ላይ ዘርዝሩ። የዶኩዊኪ ደረጃዎች ቁጥር አላቸው፦ 0 ምንም፣ 1 ማንበብ፣ 2 ማረም፣ 4 ገጽ መፍጠር፣ 8 ፋይል መጫን፣ 16 ፋይል መሰረዝ። ከፍ ያለው ከሱ በታች ያለውን ያካትታል። የወረቀቱን ዝርዝር ዊኪው ላይ አሁን ካለው ቅንብር አትገልብጡት፤ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል።

ቀጥሎ የሙከራ አካውንቶች ክፈቱ፤ አንድ ተራ አባል፣ አንድ አራሚ፣ አንድ ደግሞ ሁለት ቡድን ውስጥ ያለ። ሦስተኛው የሚያስፈልገው በእኩል ደረጃ ያሉ ሁለት ሕጎች ሲጋጩ ዶኩዊኪ ከፍተኛውን ስለሚወስድ ነው። አንዱ ቡድን የተከለከለውን ሌላው ይከፍተዋል። በአድሚን አካውንት መፈተን ዋጋ የለውም፤ አድሚን ሁሌም 255 ነው፣ ሁሉም ይፈቀድለታል።

አሁን ወደ ስክሪፕቱ። በፓይተን አጭር ነው። በአድሚን አካውንት በኤፒአዩ (ፕሮግራም ከዊኪው ጋር በሚነጋገርበት በር) በኩል የገጾቹን ሙሉ ዝርዝር ያወጣል (ሌላ አካውንት የሚያየው የተፈቀደለትን ብቻ ነው)፣ ከዚያ በየሙከራ አካውንቱ እየገባ የእያንዳንዱን ገጽ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የሚመለስለትን ቁጥርም ከዝርዝራችሁ ጋር ያስተያያል። ኤፒአዩ ሲጫን ዝግ ስለሆነ መጀመሪያ ከቅንብሩ ክፈቱት፤ ማን እንደሚጠቀምበትም እዚያው ወስኑ።

ይህ ብቻውን ግን ዋናውን አደጋ አይዝም። ሕጉ የሚጻፈው በብዛት በክፍል (ገጾች እንደ ፎልደር በሚሰበሰቡበት) ላይ ነው። አንድ ሰው ገጹን ከ«ቃለመጠይቅ» ወደ «ባህል» ቢያዛውረው ገጹ የአዲሱን ክፍል ሕግ ይይዛል። ሕጉን የነካ የለም፣ ዝርዝሩም «ባህል ክፍት ነው» ስለሚል ስክሪፕቱ ዝም ይላል። ስለዚህ ዝግ መሆን ያለበት እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ምልክት ጻፉ፣ ለምሳሌ «ዝግ-ሐይቅ-7»። ስክሪፕቱ ሎግ ኢን ሳያደርግ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ፣ ሁሉንም ገጽ ይክፈት፤ ምልክቱን ካገኘ ገጹ የትም ይሁን የት ወጥቷል ማለት ነው።

ድምፅና ፎቶ ምልክት አይጻፍባቸውም። የፋይሉ ፈቃድ የሚወሰነው ፋይሉ በተጫነበት ክፍል እንጂ በታየበት ገጽ አይደለም፤ የመንዙማ ቅጂው ክፍት ክፍል ውስጥ ከተጫነ ገጹን መዝጋት አያድነውም። የፋይሎቹንም ሊንክ ሎግ ኢን ሳይደረግ አስጠሩ። በዚያው ገጾቹና ፋይሎቹ የሚቀመጡበት «ዳታ» የሚባለው ፎልደር በቀጥታ በአድራሻው ይከፈት እንደሆነ ሞክሩ። አፓቺ በሚባለው የድረ-ገጽ ሰርቨር ላይ ከዶኩዊኪ ጋር የሚመጣው ፋይል ይከላከለዋል፤ ሌላው ሰርቨር ኤንጂንኤክስ ግን ያንን ፋይል ስለማያነብ ራሳችሁ መዝጋት አለባችሁ።

ስክሪፕቱን በክሮን (ሰርቨሩ ፕሮግራምን በቀጠሮ ሰዓት በሚያስነሳበት መሣሪያ) ሌሊት ሌሊት አሠሩት። የሰርቨሩ ሰዓት ዓለም አቀፉ (UTC) ከሆነ የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለሱ 23:00 ነው። ውጤቱ በቴሌግራም ይምጣ፣ ግን ለአድሚኖች ብቻ፤ የገጹ ርዕስ ራሱ የሰው ስም ሊሆን ይችላል። ከተፈቀደው በላይ የከፈተውን በቀይ፣ ያነሰውን በቢጫ ለዩት። ቢጫው ቢቆይ ግድ የለም፣ ማንበብ ያቃተው አባል ራሱ ይደውልላችኋል።

ቀይ ከመጣ መጀመሪያ ገጹን ዝጉ፣ ከዚያ ማን አዛወረው የሚለውን ከታሪኩ እዩ። ጉግል ቀድሞ አንብቦት ከሆነ በሰርች ኮንሶል (ጉግል ለድረ-ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው መሣሪያ) እንዲነሳ ጠይቁ። ቃላቸውን ለሰጧችሁ አዛውንትም ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ራሳችሁ ንገሯቸው።