በጅማ የሦስት ቀን የብስክሌት ውድድር አዘጋጅቶ ሻምፒዮኑን እንደ ቱር ደ ፍራንስ በሰዓት መለየት

የሰፈር የብስክሌት ውድድርን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የገባ ይወስደዋል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ለቀናት የሚዘልቅ ውድድር ግን ሌላ ሥራ ነው። በፈረንሳይ የሚካሄደው የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስ 21 ዙር አለው፤ ዙር የምንለው የአንድ ቀን ውድድሩን ነው። ሻምፒዮን የሚባለው ብዙ ዙር ያሸነፈው ሳይሆን፣ የሁሉም ዙር ሰዓቱ ሲደመር ትንሹን ያስመዘገበው ነው። አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ በ1990፣ ብሪታኒያዊው ክሪስ ፍሩም በ2017፣ ኮሎምቢያዊው ኢጋን በርናል በ2019 አንድም ዙር ሳያሸንፉ ሻምፒዮን ሆነዋል (የቱሩን ዓመታት እዚህ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውድድር ስታዘጋጁ ከዋንጫውም ከማልያውም በፊት ልትጨነቁበት የሚገባው የሰዓት አያያዝ ነው። ሰዓቱ ከተበላሸ የሦስት ቀን ልፋት በክርክር ያልቃል።

ጊዜውና መንገዱ

ለጅማ የምንመርጠው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ነው። ክረምቱ እዚህ ረጅም ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቡና የሚለቀምበት ወቅት በመሆኑ ወደ አጋሮ የሚሄደው መንገድ በጭነት መኪና ይጨናነቃል። የገበያ ቀንንም ዝለሉ። ከተማ አስተዳደሩ፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱና የትራፊክ ፖሊስ ደብዳቤው ከአንድ ወር በፊት ይድረሳቸው። ደብዳቤው ላይ መነሻና መድረሻ ሰዓቱን፣ የሚዘጋውን መንገድና የተወዳዳሪውን ብዛት ጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ24 ተወዳዳሪ አትለፉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በእጅ መመዝገብ ያስቸግራል።

ሦስቱን ቀን እንዲህ ብትከፍሏቸው ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን በአዲስ አበባ መንገድ እስከ ሰርቦ ደርሶ መልስ፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁሉም አብረው ይነሣሉ። በሁለተኛው ቀን ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው ዳገት ላይ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር ይታገላል (ብቸኛ ግልቢያ የምንለው ይህን ነው)። በሦስተኛው ቀን ከጅማ አጋሮ፣ ወደ 45 ኪሎ ሜትር። ርቀቱን በሞተር ሳይክል ቆጣሪና በስልክ ጂፒኤስ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ የሰው ግምት አትመኑ።

የዙሮቹ ዓይነት ሻምፒዮኑን እንደሚመርጥ አትርሱ። ቱሩን አምስት አምስት ጊዜ ካሸነፉት አራት ሰዎች መካከል ዣክ አንክቲልና ሚጌል ኢንዱራይን ተቀናቃኞቻቸውን በዋናነት የሚበልጡት በብቸኛ ግልቢያ ነበር። ኤዲ መርክስ ግን በዳገትም በሜዳም ይገፋ ስለነበር በ1969 የአጠቃላይ ሰዓቱን (ቢጫ ማልያውን)፣ የነጥቡንና የተራራውን ውድድር ሁሉንም አሸንፏል። አራተኛው በርናር ኢኖ ነው። የብቸኛ ግልቢያውን ዳገት ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ብታስረዝሙት ሌሎቹ ሁለት ቀናት ትርጉም ያጣሉ፤ ምክንያቱም ሜዳ ላይ ተወዳዳሪዎች ተያይዘው ስለሚገቡ የሰዓት ልዩነት እምብዛም አይፈጠርም።

ኮርሳና ማውንቴን ብስክሌት በአንድ ምድብ አታወዳድሩ። ሁለት ምድብ የሚሞላ ሰው ከሌለ በአንዱ ዓይነት ብቻ አድርጉት። ማታ ላይ ሁሉንም ብስክሌት ፈትሹ፦ ሁለቱም ፍሬን ይሠራል ወይ፣ ጎማው አልተላጠም ወይ፣ ካቴናው አይዘልም ወይ። ሄልሜት የሌለው አይነሣም፤ በዚህ ላይ ልመና አትስሙ። አንድ ጎሚስታ ከነፓምፑ በተከታዩ መኪና ላይ፣ አምቡላንስ ደግሞ ከኋላ ይሁን።

ሰዓት አያያዝ

ለመግቢያው መስመር አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሰዓቱን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሁለተኛው የተወዳዳሪውን ቁጥር ይጠራል፣ ሦስተኛው ይጽፋል፣ አራተኛው በስልክ ቪዲዮ ይቀርጻል። አንድ ሰው ሁለት ሥራ ከያዘ፣ አምስት ሰው ተከታትሎ ሲገባ ሦስተኛውና አራተኛው ይጠፋሉ።

ሁሉም ስልኮች ከኔትወርኩ ሰዓታቸውን ይውሰዱ፤ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሰከንዳቸው አንድ መሆኑን እዩ፤ ከዚያ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጓቸው። ይህ ያልተደረገበት ስልክ መሪው ሲገባ ይጠራል፣ ቪዲዮውም ይቋረጣል። ሌላው የተለመደ ጥፋት የሰዓት አቆጣጠር ነው። ስልኩ 8:15 ይላል፤ አንዱ 8:15 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር 2:15 ይላል፣ ማታ ድምሩ ስድስት ሰዓት ይሳሳታል። ስልኩ የሚያሳየውን ብቻ ጻፉ ብላችሁ ከመጀመሪያው ተስማሙ።

የመግቢያውን መስመር ከከተማው በፊት፣ ቢያንስ 200 ሜትር ቀጥ ብሎ በሚታይ አስፋልት ላይ አድርጉት። በኖራ ካሰመራችሁት መኪና ያጠፋዋልና በቀለም ይሁን። ካሜራው ከመስመሩ ትክክል ላይ፣ በካሜራ ማቆሚያ እግር ላይ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ጎን ካዘነበለ አንዱ ጎን ያለው ተወዳዳሪ ሳይቀድም የቀደመ ይመስላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ብስክሌት በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ላይ በአንድ ምስልና በቀጣዩ መካከል 46 ሴንቲ ሜትር ያመልጣችኋል። ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ ስሎው ሞሽን ካለው ክፍተቱ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ለአንደኛና ለሁለተኛ መለያ ያ በቂ ነው።

ቁጥሩን በሁለት ቦታ አድርጉ፦ ከብስክሌቱ መሪ ፊት ለፊት፣ እና ዳኞቹ በሚቆሙበት ጎን በኩል ወገብ ላይ። ደረት ላይ ብቻ ከሆነ ተወዳዳሪው ጎንበስ ሲል አይታይም። በማርከር የተጻፈ ቁጥር በላብ ይፈሳልና ላዩን በስኮች ሸፍኑት።

አብረው በሚነሡበት ቀን ከመሀል ከተማ ሰዓት አታስነሡ። በቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ከመኪና ኋላ ቀስ ብለው ከከተማ ይወጣሉ፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ባንዲራ ከተወረወረበት ቦታ ነው። እናንተም ባጃጁ እስኪያልቅ ድረስ በመኪና ምሯቸው፣ ከዚያ ባንዲራውን ጣሉ።

አንድ ላይ የገቡ ተወዳዳሪዎች ሁሉ የመጀመሪያቸውን ሰዓት ይወስዳሉ። ይህ ደንብ ከሌለ ሃያኛው ሰው ሁለት ሰከንድ ላለማጣት ሲል መጋፋት ይጀምራል፤ መውደቅ የሚበዛውም ያኔ ነው። የፊተኛው ቡድን የመጨረሻ ሰው የኋላ ጎማና የሚቀጥለው ሰው የፊት ጎማ መካከል አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ክፍተት ካለ፣ ቀጣዩ ቡድን አዲስ ሰዓት ይጻፍለታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሮጡ አንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ነው። በዓይን አትወስኑ፤ ከቪዲዮው ቁጠሩ። በቱሩ ብዙውን ጊዜ በሜዳማ ዙር የመጨረሻ 3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የወደቀ ወይም ጎማው የፈነዳበት አብሮት የነበረውን ቡድን ሰዓት ያገኛል። ለ40 ኪሎ ሜትር ውድድር 1 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ቦታውን ግን በባንዲራ ምልክት አድርጉ። ዳገት ላይና በብቸኛ ግልቢያ ይህ ደንብ አይሠራም።

የጅሬኑን ቀን በአንድ ደቂቃ ልዩነት አስነሡ፤ በአጠቃላይ ሰዓት የመጨረሻው መጀመሪያ፣ መሪው መጨረሻ። ሰው ዘግይቶ ቢመጣም ሰዓቱ ከተመደበለት ደቂቃ ጀምሮ ይቆጠራል። የሰከንድ ክፍልፋዩን በሌላ ዓምድ ጻፉት፤ ድምሩ ላይ አይገባም፣ ግን ሁለት ሰው እኩል ከሆነ የሚለያቸው እሱ ነው። አሁንም እኩል ከሆኑ የየቀኑ ደረጃቸው ይደመራል፣ ቀጥሎም የመጨረሻው ቀን ደረጃ ይታያል።

ይህ ቀን ሁሉን ሊገለብጥ ይችላል። በ1989 ሌሞንድ ለመጨረሻው ዙር ሲነሣ ከሎራን ፊኞን በ50 ሰከንድ ወደ ኋላ ነበር። ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ለብቻው ጋልቦ 58 ሰከንድ ቀነሰና በ8 ሰከንድ ሻምፒዮን ሆነ። በ2020 ደግሞ ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ፕሪሞዥ ሮግሊችን በ57 ሰከንድ ይከተል ነበር። ከመጨረሻው በፊት በነበረው ዙር 36.2 ኪሎ ሜትር ለብቻ ጋልቦ ልዩነቱን በ59 ሰከንድ ወደ ራሱ አዞረው።

ጉርሻ ሰከንድና ድምር

በቱሩ አብረው በሚነሡበት ዙር አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ለሚወጡ 10፣ 6 እና 4 ሰከንድ ይቀነስላቸዋል። ለሦስት ቀን ውድድር ይህ ይበዛል፤ 3፣ 2 እና 1 አድርጉት። ምን ያህል እንደሚወስን በዚህ ምሳሌ እዩ። በመጀመሪያው ቀን 7፣ 12 እና 19 ቁጥር በአንድ ቡድን በ1:08:40 ገቡ፤ 12 ቁጥር አንደኛ፣ 19 ቁጥር ሁለተኛ ሆኑ፣ 7 ቁጥር ጉርሻ አላገኘም። ጅሬን ላይ 7 ቁጥር 14:22፣ 19 ቁጥር 14:40፣ 12 ቁጥር 14:51 ወሰደባቸው። አጋሮ 19 ቁጥር ለብቻው በ1:17:05 ገባ፤ 12 እና 7 ተከታትለው በ1:17:20። ያለ ጉርሻ 7 ቁጥር 2:40:22፣ 19 ቁጥር 2:40:25 ነው፤ ሻምፒዮኑ 7 ነው። ጉርሻው ሲቀነስ ግን 19 ቁጥር 2:40:20፣ 7 ቁጥር 2:40:21 ይሆናል። አንድ ሰከንድ! ስለዚህ ጉርሻው በጽሑፍ የሚታወቀው ከውድድሩ በፊት እንጂ ከተጠናቀቀ በኋላ መሆን የለበትም።

ስትደምሩ 1:08:40ን በስልክ ካልኩሌተር እንደ 1.0840 አታስገቡ፤ ደቂቃ በ60 እንጂ በ100 አይሞላም። ሁሉንም ወደ ሰከንድ ለውጡ። 1:08:40 ማለት 4,120፣ 14:22 ማለት 862፣ 1:17:20 ማለት 4,640 ነው። የ7 ቁጥር ድምር 9,622፣ ከአንድ ሰከንድ ጉርሻ በኋላ 9,621 ይሆናል፤ ያ ደግሞ 2:40:21 ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ደምሮ ውጤቱ ካልገጠመ አይለጠፍም።

ቢጫ ማልያ ከ1919 ጀምሮ የመሪው ምልክት ነው። እናንተ ሁለት ቢጫ ግዙ፣ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ፤ አንዱ ካልበቃው ሌላው ይበቃዋል። አረንጓዴ ማልያ (የነጥብ መሪው የሚለብሰውን) እንጨምር ካላችሁ ለየብቻ መዝገብ ክፈቱ፤ ነጥብ ከሰዓት ጋር አይቀላቀልም። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ፤ የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ግን ፖጋቻር ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱሩ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ለወጣቶቻችሁ ንገሯቸው፤ ይገባቸዋል።

የሚሰረዝ ሰው

ሰርቦ መዞሪያው ላይ ሁለት ተቆጣጣሪ አስቀምጡ፤ የዞረውን ሁሉ ቁጥር ይጻፉ። በ1904 የመጀመሪያዎቹ አራት ተወዳዳሪዎች፣ የ1903ቱ ሻምፒዮን ሞሪስ ጋረን ሳይቀር፣ በማጭበርበር ተሰርዘው ድሉ ለወጣቱ ኦንሪ ኮርኔ ተሰጥቷል። እኛ ዘንድ የሚያሰጋው ዳገት ላይ የአይሱዙ ጎን መያዝ ነው። በሞተር የሚከተል ታዛቢ ይኑር፣ ቅጣቱም አንድ ይሁን፦ ከውድድሩ መውጣት።

ከመሪው በጣም የዘገየውንም በደንብ ቁረጡ። በአሸናፊው ሰዓት ላይ 25 በመቶ ጨምሩ፤ እሱ በ1:20:00 ከገባ የመጨረሻው ሰው ገደብ 1:40:00 ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይከፈታል፣ የቀረው በመኪና ይመለሳል።

ሻምፒዮኑ በኋላ ቢሰረዝ ማዕረጉ ለማን እንደሚሄድም ደንቡ ላይ ይጻፍ። በቱሩ ራሱ ሁለቱም ሆኗል፦ የ2006 ድል ከፍሎይድ ላንዲስ ወደ ኦስካር ፔሬሮ፣ የ2010 ከአልቤርቶ ኮንታዶር ወደ አንዲ ሽሌክ ተዛውሯል። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ያገኛቸው ሰባቱ ግን በ2012 ሲነጠቁ ለማንም አልተሰጡም። ለትንሽ ውድድር ሁለተኛው ይውሰድ ብሎ መወሰን ይሻላል።

ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ለቅሬታ 30 ደቂቃ ስጡ። ቅሬታው በጽሑፍ ይሁን፣ ዳኞቹም ቪዲዮውን ከቅሬታ አቅራቢው ጋር አብረው ይዩት። ሽልማቱ ከዚያ በፊት አይሰጥ፤ የመዝገቡን ወረቀትና ቪዲዮውንም ቢያንስ አንድ ወር አቆዩ።