የጥናት ተሳታፊዎችን መረጃ ለሌሎች ስናጋራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤት ለቤት ዞሮ መጠይቅ ያስሞላ ሰው ይህን ያውቀዋል። የተሰበሰበው መረጃ ጥናቱ ካለቀ በኋላም ይፈለጋል። ሌላ ተመራማሪ ይጠይቃል፣ ጽሑፉን ያተመው መጽሔት ይጠይቃል፣ ገንዘብ የሰጠው ድርጅትም ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው መልሱን የሰጠው ሰው ነው። «ስሙን ሰርዘነዋል እኮ፣ ምን ይጎዳዋል?» እንባባላለን።

እኔ ነገሩ ከዚህ ይሰፋል ባይ ነኝ። አብዛኛው ሰው መረጃው ለሌላ ጥናት ቢውል አይጠላም። የሚያስቀይመው ሳይነገረው ሲቀር ነው። ብዙዎቹ ስህተቶችም የሚመነጩት ይህን ካለማየት ነው።

«ሰው አይፈቅድም» ብሎ መደምደም

አንዳንድ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ጭራሽ አያነሱትም። «ይህን ብንጠይቅ ተሳታፊ ይሸሻል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በአሜሪካ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከላት በክሊኒካል ሙከራ (ሕክምና በሰው ላይ በሚፈተሽበት ጥናት) የተሳተፉ 771 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። 93 በመቶ የሚሆኑት መረጃቸው ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢሰጥ ሊፈቅዱ እንደሚችሉ ተናገሩ። ለትርፍ በሚሠሩ ኩባንያዎች ውስጥ ላሉ ተመራማሪዎች ሲባል ቁጥሩ ወደ 82 በመቶ ወረደ። ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ያሉት 8 በመቶ እንኳ አልሞሉም።

ስጋት ግን ነበራቸው። 34 በመቶ የሚሆኑት መረጃው ለገበያ ማስታወቂያ እንዳይውል፣ 30 በመቶ የሚሆኑት እንዳይሰረቅ ሰግተዋል። ከሁሉም የበዛው ስጋት፣ 37 በመቶው፣ ሌሎች ሰዎች ይህን ፈርተው በጥናት ከመሳተፍ እንዳይቀሩ የሚል ነበር። ይህ በጣም ይነካኛል። ሰዎቹ ከራሳቸው አልፈው ለጥናቱ ያስባሉ።

ይህን ቁጥር እንዳለ አምጥቶ እኛ አገር ላይ መለጠፍም ስህተት ነው። የተጠየቁት ሐኪማቸውን አምነው ቀድሞውኑ ጥናት ውስጥ የገቡ አሜሪካውያን ናቸው። ወደ እኛ ቀረብ ሲባል፣ በኬንያ ኪሊፊ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። እዚያ ትልቁ ቦታ የተሰጠው ለአሠራሩ ነው፤ ፈቃድ እንዴት ይጠየቅ፣ መረጃውን ማን እንዲያይ የሚወስነው ማን ይሁን፣ ማኅበረሰቡስ እንዴት ይሳተፍ የሚለው። ስለዚህ «ይጋራ ወይስ አይጋራ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ለዩኒቨርሲቲ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለውጭ አገር ተቋም፣ ለመድኃኒት ኩባንያ እያሉ ለየብቻ መጠየቅ ይሻላል። መልሱም ይለያያል።

ስም ከተሰረዘ ሁሉም ያለቀ ይመስለናል

ለምሳሌ ከአንዲት ትንሽ ከተማ የተሰበሰበ የኤክሴል ፋይል ይታሰባችሁ። የስምና የስልክ ዓምዶች ተሰርዘዋል። አንዱ መስመር ላይ የቀረው ይህ ነው፦ ሴት፣ 43 ዓመት፣ ቀበሌ 02፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ርእሰ መምህርት፣ ባሏ የሞተባት፣ ኤችአይቪ ፖዘቲቭ። የከተማዋ ሰው ይህን ካነበበ ማን እንደሆነች ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅበትም። ስሟ ባይጻፍም ተጽፏል ማለት ነው።

በአሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በማሳቹሴትስ የግዛቱ መንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስም ተሰርዞለት ለተመራማሪዎች ይሰጥ ነበር። ላታንያ ስዊኒ የምትባል፣ ያኔ ተማሪ የነበረች ባለሙያ የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛች። ሁለቱን አመሳከረች። የግዛቱን ገዥ የዊልያም ዌልድን የሕክምና መረጃ ለይታ አወጣችው። መለያ የሆኗት የፖስታ ኮድ፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ብቻ ነበሩ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። «43» የነበረው «ከ40 እስከ 44» ይሁን። ቀበሌው ቀርቶ ዞኑ ይጻፍ። በአካባቢው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚሠራው ሥራ ካለ «የመንግሥት ሠራተኛ» ውስጥ ይግባ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መረጃ ለተመራማሪዎች ሲለቀቅ የናሙና ቦታዎቹ የጂፒኤስ ነጥብ ሆን ተብሎ ይዛወራል። በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹ ደግሞ ጥቂቶቹ እስከ 10 ኪሎ ሜትር። የአንድ ማስተርስ ተማሪ ጥናትም ይህንኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንዲያውም አካባቢው ጠባብ ስለሆነ የበለጠ ይፈልጋል።

ኮድ መስጠት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። «ተሳታፊ 017» ማን እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር መሳቢያችሁ ወይም ላፕቶፓችሁ ውስጥ እስካለ ድረስ ሰውየው አልተሰወረም። ያንን ዝርዝር ከመልሶቹ ጋር በአንድ ፍላሽ መያዝ፣ ወይም ፋይሉን በቴሌግራም ግሩፕ መላክ፣ የተገባውን ቃል ማፍረስ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ስላለ ነገሩ በይሉኝታ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

ግለሰቡን ደብቆ ማኅበረሰቡን ማጋለጥ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ተሳታፊው የሚፈርመው የስምምነት ቅጽ ላይ ቦታ የለውምና።

በደቡብ ኢትዮጵያ በወላይታ የፖዶኮኒዮሲስን ነገር ውሰዱ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለረጅም ዘመን ከመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። በዘር የመጋለጥ ዝንባሌም አለው። የታመመ ሰው ያለበት ቤተሰብ ልጅ ለመዳር ይቸገራል። የዘረመል ጥናት ሊሠራ ሲታሰብ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ሰዉን ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት እንደተገለጸው፣ ሰዎቹ የሰጉት የዘር ጥናት መገለሉን እንዳያብሰው ነው። የፈቃድ አጠያየቁም ይህን ፍርሃት ከግምት እንዲያስገባ ተደረገ። ይህ መልካም ምሳሌ ነው። የአንድም ሰው ስም ባይወጣ «የእነ እንትና ቤት በሽታው በደማቸው ነው» የሚል ወሬ ጎጆ ያፈርሳል።

መጥፎው ምሳሌ ከአሜሪካ፣ ከግራንድ ካንየን ነው። የሃቫሱፓይ ጎሳ አባላት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም ሰጡ። የገባቸው ለስኳር በሽታ ጥናት መሆኑ ነበር። ደሙ ግን ስኪዞፍሬንያ ስለሚባለው የአእምሮ ሕመም፣ በዘመዳሞች መካከል ስለሚደረግ መዋለድና ስለ ጎሳው ጥንተ መነሻ ጥናትም ዋለ። እምነታቸው ከካንየኑ መገኘታቸውን ይናገራል፤ ጥናቱ ደግሞ ከእስያ መጡ ይላል። ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ለመክፈልና የቀረውን ደም ለመመለስ ተስማማ። እዚህ ላይ የግለሰብ ስም መሰረዙ ምንም አያድንም። የጎሳው ስም በቂ ነው።

ስለዚህ መረጃውን ለሌላ ከመስጠታችሁ በፊት «ይህ ስለ ማን ያስወራል?» ብላችሁ ጠይቁ። የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ የዕድር ሰዎችን፣ የታማሚዎች ማኅበር ካለ እሱን አማክሩ።

የስምምነት ቅጽን ከሌላ ሰው ጥናት መገልበጥ

ይህ የተለመደ ነው። ካለፈው ዓመት ተመራቂ የተወሰደ ቅጽ ላይ «መረጃዎ ከጥናቱ ቡድን ውጪ ለማንም አይሰጥም፤ ጥናቱ ሲያልቅም ይወገዳል» ይላል። ሲያነቡት ደስ ይላል። ተሳታፊውም ይህን አምኖ ይፈርማል። ከዚያ ጽሑፉ ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሊታተም ይላካል። አሳታሚው ፕሎስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ መረጃው ለሌሎች እንዲቀርብ፣ ካልቀረበም በቂ ምክንያት እንዲሰጥ ይጠይቃል። ተመራማሪው አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ወይ ለተሳታፊው የገባውን ቃል ያጥፋል፣ ወይ ኅትመቱ ይስተጓጎላል። ቃሉ መጽናት አለበት። የሚሻለው ግን ማጋራት ታስቦ ከሆነ ከመጀመሪያው መናገር ነው።

በማይመች ሰዓት መጠየቅ

አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠየቁ የቆዩ እናት ደክመዋል። ቡናው ቀዝቅዟል። የቀበሌ ሰው በር ላይ ቆሟል። «እማማ፣ እዚች ጋ ይፈርሙልኝ» ቢባሉ ይፈርማሉ። ይህ ፈቃድ አይደለም። ማጋራቱ በመግቢያው ላይ፣ ሰው ሳይቆም፣ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገር። «ልጄ፣ ይሄ የነገርኩህ ለማን ነው የሚሄደው?» ብለው ከጠየቁ ጥሩ ምልክት ነው። «አይጨነቁ» ማለት ግን መልስ አይሆንም። ለማን እንደሚሄድ ይነገራቸው።

«በፈለጉ ጊዜ መውጣት ይችላሉ» ብሎ መተው

ይህ ዓረፍተ ነገር ሁሉም ቅጽ ላይ አለ። መረጃው በእውነት ማንነት የማይገልጽ ከሆነ ግን ከጊዜ በኋላ አይሠራም። የኮዱ ዝርዝር ከተቃጠለ የትኛው መስመር የተሳታፊው እንደሆነ ተመራማሪውም አያውቅም። መረጃው ወደ ሌላ አገር ተልኮ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይመለስም። ይህን አብዛኛው ተሳታፊ አያውቅም። ቅጹ ላይ ቀን ይጻፍ፦ «እስከዚህ ቀን ድረስ ደውለው መረጃዎን ማስወጣት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የርስዎ የትኛው እንደሆነ መለየት ስለማንችል ማውጣት አንችልም።» ስልክ ቁጥሩም ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚነሳ ስልክ ይሁን።