የሲ ፕሮግራምን ወደ አልፓይንና አርም 64 ስታሻግሩ፦ ኤረሩና የወደቀው ቴስት የሚሉት

በኤክስ86 ማሽንና በጂሊብሲ (በአብዛኞቹ ሊኑክሶች ላይ ባለው የሲ ላይብረሪ) ላይ ለዓመታት የሠራ የሲ ፕሮግራም ወደ አርም 64 እና ወደ አልፓይን ሊኑክስ ሲሻገር ፕሮሰሰሩም፣ የሲ ላይብረሪውም (አልፓይን የሚጠቀመው መስልን ነው)፣ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፓይለሩ ቨርዥንም አብረው ይለወጡበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ያንኑ ኮድ በድሮው ማሽን ገንብታችሁ ቴስቱን አስኪዱ። እዚያም የሚወድቅ ካለ መሻገሩ ያመጣው አይደለም፤ ስሙን መዝግባችሁ እለፉት።

በአዲሱ ማሽን ላይ ሜክን (ግንባታውን የሚያስኬደውን መሣሪያ) በአንድ ሥራ ብቻ አስኪዱ፣ የሚያወጣውንም ፋይል ውስጥ አስቀሩ። ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ሲሄድ መልእክቶቹ ይደበላለቃሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ኤረር ብቻ አንብቡ። አንድ ሄደር (የፈንክሽኖች ማወጃ የያዘ ፋይል) በመጥፋቱ የመጣ የኤረር ጎርፍ ሄደሩ ሲገኝ አብሮ ይደርቃል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኮምፓይለር ጂሲሲ 14 ድሮ በማስጠንቀቂያ ያልፋቸው የነበሩ ነገሮችን ኤረር አድርጓቸዋል። ዋነኛው ሳይታወጅ የተጠራ ፈንክሽን ነው። ወደ ማስጠንቀቂያ የሚመልስ ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ አማራጭ) አለ፤ እባካችሁ አትጠቀሙበት። ያልታወጀ ፈንክሽን ኢንት እንደሚመልስ ይገመታል፤ ኢንት 32 ቢት ነው፣ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) 64። እንደ ስትርኬዝስትር ያለ ፖይንተር መላሽ በዚህ ግምት ከተጠራ የአድራሻው ግማሽ ተቆርጦ ይቀራል፣ ፕሮግራሙም ሌላ ቦታ ደርሶ ይወድቃል። ሄደሩን አስገቡ፤ ካልበቃ ከኢንክሉዶቹ ሁሉ በላይ «ጂኤንዩ ሶርስ» የተባለውን ማክሮ ዲፋይን አድርጉ።

ብዙ ሰዓት የሚበላው ግን ይኸው ለውጥ የኮንፊገር ስክሪፕቱን (ከግንባታው በፊት ሲስተሙ ላይ ያለውን የሚፈትሸውን) በዝምታ ሲያሳስተው ነው። የቆዩ ስክሪፕቶች በሚጽፏቸው ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራሞች ውስጥ ኤግዚትን ያለ ሄደር ይጠራሉ። ኮምፓይለሩ እምቢ ሲል ስክሪፕቱ የተፈለገው ነገር ሲስተሙ ላይ የለም ብሎ ይመዘግባል። ግንባታው ይሳካል፣ ፕሮግራሙ ግን ጎደሎ ሆኖ ይወጣል። በሁለቱ ማሽኖች ላይ የተፈጠረውን ኮንፊግ ሄደር በዲፍ አወዳድሩ፤ ያለምክንያት ከ«አለ» ወደ «የለም» የተቀየረውን ይዛችሁ ኮንፊግ ሎግ ውስጥ እውነተኛውን ኤረር ፈልጉ።

ሊንከሩ (የተገነቡትን ፋይሎች አንድ ፕሮግራም አድርጎ የሚያያይዘው) አንድ ቫሪያብል ብዙ ቦታ ተፈጥሯል ብሎ ከቆመ፣ ጂሲሲ ይህን በዝምታ ማለፍ የተወው ከቨርዥን 10 ጀምሮ ነው። ሄደሩ ላይ ኤክስተርን ጨምሩ፣ ቫሪያብሉን በአንድ የሲ ፋይል ውስጥ ብቻ ፍጠሩ።

ወደ ቴስቶቹ ስትመጡ የወደቀውን ብቻውን አስኪዱት። አርም ላይ የማያልቅ ቴስት ካያችሁ መጀመሪያ ቻርን ጠርጥሩ። ኤክስ86 ላይ ቻር ከኔጌቲቭ 128 እስከ 127 ይይዛል፣ አርም ሊኑክስ ላይ ከ0 እስከ 255። የጌትኦፕትን (የትእዛዝ መስመር አማራጮችን የሚያነበውን ፈንክሽን) መልስ ቻር ውስጥ አስቀምጦ ከኔጌቲቭ 1 ጋር የሚያስተያይ ሉፕ አርም ላይ የሚያገኘው 255ን ነው፤ ስለዚህ አይቆምም። ቫሪያብሉን ኢንት አድርጉት። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ያልተስተካከለውን ኮድ ኤክስ86 ላይ «ኤፍ-አንሳይንድ-ቻር» በሚለው ፍላግ ገንቡት፤ እዚያም ከተንጠለጠለ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ቴስቱ ስሬድ ውስጥ ብቻ በሴግፎልት (ያልተፈቀደ ሜሞሪ በመንካት) የሚወድቅ ከሆነ ስታኩን፣ ማለትም የፈንክሽኖች ቫሪያብሎች የሚቀመጡበትን ሜሞሪ፣ እዩ። መስል ለአንድ ስሬድ የሚሰጠው 128 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ በጂሊብሲ የተለመደው 8 ሜጋባይት። ትልቁን አሬይ ከስታኩ ወደ ማሎክ አውጡት፤ ኮዱ ራሱን በጥልቀት የሚጠራ ከሆነ ስሬዱ ሲፈጠር የስታኩን መጠን በግልጽ ስጡ።

ውጤቱ በመጨረሻዎቹ የአሥርዮሽ አሃዞች ብቻ ሲለይስ? አርም 64 ላይ ጂሲሲ ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ ያዋህዳል፣ የሚያጠጋጋውም አንዴ ብቻ ነው። ይህን የሚቆጣጠረውን ፍላግ «ኤፍፒ-ኮንትራክት»ን ኦፍ አድርጋችሁ ልዩነቱ ከጠፋ ቴስቱ እኩልነትን ትቶ የልዩነት ወሰን እንዲለካ አስተካክሉት። የሚጠበቀውን ቁጥር በአርሙ ቁጥር መተካት ኤክስ86ን ይጥላል።

እያንዳንዱን ማስተካከያ ለየብቻው ፓች አድርጉ፣ ኤክስ86 ላይም ቴስቱን ደግማችሁ አስኪዱ። ለዋናው ፕሮጀክት ስትልኩ የኤረሩን ሙሉ መስመርና የኮምፓይለሩን ቨርዥን ጻፉ። ተቀባዩ አርም ማሽን ላይኖረው ይችላልና ችግሩን ኤክስ86 ላይ የሚያሳይ ፍላግ ካለ እሱን አስቀድሙለት።